የደጋ ፀሐይና የጤና አዳም ጭማቂ

ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም ላይ ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተምሥራቅ የለጋምቦ ደጋ አለ፤ ከአጠገቧ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የደንቆሮ ጫካ ተራራ ይታያል፤ በስተምዕራብ ደግሞ መሬቱ ቁልቁል እየተሰበረ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ደጋው ላይ ነፋሱ አያርፍም። ሰው በረፋድ ፀሐይ ሊሞቅ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ ከፀሐይ አይሸሽም። ፀሐይ የሚፈራው ቆላ ሲወርድ ነው።

ቆዳ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ፊታችንን የሚያሞቀን ጨረርና ቆዳችንን የሚጎዳው ጨረር አንድ አይደሉም። የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ይባላል፤ አይታይም፣ አይሞቅም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የዚህ ጨረር ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ የቆመ ሰው፣ ሰማዩ እኩል ጠርቶ ከሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከቆመው ሰው አንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ይቀበላል። በዚያ ላይ አካባቢው ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 10 ገደማና ነሐሴ 19 ገደማ፣ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴው ቀን ክረምት ነው፤ ደመናና ብርድ ነው፤ ማንም ስለ ፀሐይ አያስብም። ሆኖም መሬት ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ የሆነው «ኤ» የተባለው ክፍል ስስ ደመናን ያልፋል፣ የመስኮት መስታወትንም ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው «ኤ» ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነው።

ሁለተኛው ባለጉዳይ ጓሮ ውስጥ አለ። በወሎ ደጋ ጤና አዳም የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። ዝንጣፊው ቡና ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ከአይብና ከወተት ጋር ይቀርባል፤ ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ተቀጥቅጦ ይሰጠዋል፤ ብርድ ሲመታ፣ ቡዳ ሲፈራ ይታሻል፣ ይሸተታል። የሳይንስ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው፤ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቅጠሉን አንስተው ወደ ብርሃን ቢይዙት ጥቃቅን ብርሃን አሳላፊ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነጠብጣቦቹ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ያ የምንወደው ሽታ ከእነሱ ይወጣል። ቅጠሉ ውስጥ ከሽታው ሌላ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶችም አሉ፤ ከእነሱ መካከል በይበልጥ የሚታወቁት በርጋፕተንና ዛንቶቶክሲን ናቸው። ቅጠሉ በእጅ ሲፈተግ እነዚህ ውህዶች ከጭማቂው ጋር ቆዳ ላይ ይቀራሉ።

እስከዚህ ድረስ ምንም ጉዳት የለም። ጭማቂው ብቻውን አያቃጥልም። በማታ ተቀብቶ ጠዋት በሳሙና ቢታጠብ ብዙውን ጊዜ ምንም አይከተልም። የደጋው ፀሐይም ለብቻዋ በአንድ ረፋድ የጥቁር ሰው ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል አታወጣም። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ቆዳ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ነው። ሐኪሞች ይህን ፋይቶፎቶደርማታይተስ ይሉታል።

አንዲት እናት የልጇን ሕመም ልታስታግስ ጤና አዳም ቀጥቅጣ ክንዱንና አንገቱን አሸችው እንበል። ልጁ ተሻለው፤ በጎቹን ይዞ ወጣ። ቆዳው በብርሃን ይበልጥ የሚጎዳው ጭማቂው ካረፈበት ግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ላብና እርጥበት ደግሞ ውህዱ ይበልጥ እንዲሰርግ ይረዱታል። ልጁ ግን ምንም አይሰማውም። ማታ ሲገባ ደህና ነው። በማግስቱ ትንሽ መለብለብ ይጀምረዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳው ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ማሳከኩ ያን ያህል አይደለም፤ የሚያስቸግረው ማቃጠሉ ነው። እናቲቱም ጣቶቿ መካከልና እጇ ጀርባ ላይ ተመሳሳይ ነገር ታያለች። በዚህ ጊዜ ጤና አዳሙ ተረስቷል። ትዝ ቢላትም መድኃኒት ነበር፤ ማን ይጠረጥረዋል?

ይህን በሽታ ተንኮለኛ የሚያደርገው የሁለት ቀኑ መዘግየት ነው። ሰው ጉዳት ሲደርስበት ምክንያቱን የሚፈልገው በዕለቱ ከሠራው ሥራ ውስጥ ነው። ዛሬ ያበጠን ክንድ ከትናንት ወዲያ ከተፈተገ ቅጠል ጋር ማገናኘት ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ጥፋቱ ወደ ሌላ ይዞራል፤ ሳሙናው፣ ነፍሳት፣ የጎረቤት ዓይን። በሌሎች አገሮች የባሰም ደርሷል። እናት ሎሚ በነካ እጇ ልጇን ስትይዘው የጣቶቿ ቅርጽ በልጁ ቆዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣና ሐኪሞች ልጁ ተመቷል ብለው ወላጆችን የጠረጠሩባቸው ጉዳዮች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ንጹሕ ሰው በልጁ ላይ ጨከነ ተብሎ ሲጠረጠር ማየት ያሳዝናል፤ ይህ ዕውቀት ከጤና ባለሙያም ከወላጅም እጅ እንዲገባ የምመኘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቆዳው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የፉራኖኩማሪን ሞለኪውል ጠፍጣፋ ነው። ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባና በሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች መካከል ይሸጎጣል። እስኪበራበት ድረስ እዚያው በዝምታ ይቀመጣል። አልትራቫዮሌት «ኤ» ሲያገኘው ከሁለቱም ሰንሰለቶች ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ ሁለቱ ሰንሰለቶችም በመርፌ እንደተጣበቀ የነጠላ ጠርዝ ተቆልፈው ይቀራሉ። ሕዋስ ዲኤንኤውን መክፈት ካልቻለ መባዛት አይችልም፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ብርሃን ያገኘው ውህድ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ የሕዋስ ሽፋንን የሚያፈርሱ ነገሮችን ያመነጫል። ውኃ የቋጠረው እብጠት የዚህ ሞት ውጤት ነው። መዘግየቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ሕዋሳቱ ተጎድተው እስኪሞቱና አካባቢው እስኪቆጣ ጊዜ ይወስዳል።

ነገሩ አለርጂ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። አለርጂ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ ቀድሞ መተዋወቅንም ይፈልጋል። ይሄኛው ማንንም አይመርጥም። በቂ ጭማቂና በቂ ብርሃን ካገኘ በመጀመሪያው ቀን፣ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ ይደርሳል። ጥቁር ቆዳ ጥቂት መከላከያ አለው፤ ሙሉ መከላከያ ግን አይደለም። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚስተዋለው ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ጥቁረት ነው። ጥቁረቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው ለእኛ ብሎ አይደለም። ፉራኖኩማሪን የተክል መከላከያ ነው፤ ፈንገስንና ቅጠል በል ትሎችን ይዋጋል። ሰለሪ የሚባለው አትክልት በፈንገስ ሲታመም የውህዱ መጠን በጣም እንደሚጨምር ታውቋል፤ አሜሪካ ውስጥ የታመመ ሰለሪ የሚያነሱ ሠራተኞች እጃቸው በውኃ ቋጠሮ የተሞላው በዚሁ ነበር። ትሎቹም ዝም አላሉም። የነፍሳት ተመራማሪዋ ሜይ ቤረንባውም እንዳሳየችው አንዳንድ አባጨጓሬዎች ቅጠሉን ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ሆነው ይበላሉ፤ ብርሃን ካላገኘ መርዙ ደካማ ነውና። ሌሎቹ ደግሞ መርዙን ሆዳቸው ውስጥ የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው። በአገራችን የሎሚ ቅጠል ላይ የሚገኘው፣ ሲያድግ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ የሚሆነው አባጨጓሬ ከእነዚህ መርዝ አፍራሾች ወገን ነው።

ከጤና አዳም ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በሎሚ ይመስለኛል። ሎሚ ከቆላውና ከወይና ደጋው ወጥቶ ወደ ደጋው ገበያ ይመጣል፤ ትንሹ፣ ልጣጨ ቀጭኑ፣ የኛ የምንለው ሎሚ በዓለም ሁሉ የዚህ ጉዳት ዋና አምጪ ተብሎ የሚጠቀሰው ዓይነት ነው። በልጣጩ ዘይት ውስጥ ያለው ፉራኖኩማሪን ከውስጡ ጭማቂ ካለው እጅግ ይበልጣል። ሎሚ ስንጨምቅ ደግሞ ልጣጩን ሳንጨምቅ አንቀርም፤ ዘይቱ ክንዳችንን ተከትሎ ይወርዳል። ቁስሉ በኋላ የሚወጣው በዚሁ በወረደበት መስመር ነው፤ ከአንጓ እስከ ክርን የተሰመረ ጥቁር ጅራት፣ ነጠብጣብ፣ የጣት ምልክት። በሽታ በራሱ እንዲህ ያለ ቅርጽ እምብዛም አይሠራም።

የሚያሳስበኝ ሎሚ ለመልክ ሲባል ፊት ላይ ሲቀባ ነው። ለብጉር፣ ለማዲያት፣ ቆዳን ለማፍካት እየተባለ ወጣት ሴቶች ሎሚ ከፍለው ፊታቸውን ያሻሉ፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ ይወጣሉ። ጥቁር ነጥብን ሊያጠፋ የተቀባው ነገር በደጋ ፀሐይ ጥቁር ነጥብ ይፈጥራል። ልጅቷ ደግሞ ጠቆረብኝ ብላ ሎሚውን ትጨምራለች፤ ካልሆነም በየሱቁ ወደሚሸጠው የማቅሊያ ቅባት ትዞራለች። ብዙዎቹ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊነኩ የማይገባቸው ጠንካራ መድኃኒቶች አሉባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ። በሎሚ የጠቆረ ፊት ሎሚው ከቀረና ከፀሐይ ከተጠበቀ በጊዜው ራሱ ይጠራል። ይህን አንድ ነገር ለእህቶቻችንና ለሴት ልጆቻችን መንገር ብዙ ፊት ያተርፋል።

እዚህ ላይ ስለ ምች ሳይነሳ አይታለፍም። የአገራችን ሰው ፀሐይ ከሌላ ነገር ጋር ስትገናኝ እንደምታሳምም ከጥንት ጀምሮ ያምናል። ፊትን በሳሙና ታጥቦ፣ ምግብ በልቶ፣ ኃይለኛ ሽታ ሸትቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ መውጣት ምች ያስመታል ይባላል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ። ይህ እምነት ተራ ወሬ ተብሎ መጣል የለበትም። ከንፈር ላይ የሚወጣው ሽፍታ ሄርፒስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ትኩሳት ወይም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲቀሰቅሰው ይነሳል። ስለዚህ እናቶቻችን ፀሐይንና የከንፈር ቁስልን ሲያገናኙ ልክ ነበሩ። ልዩነቱ የከንፈሩ ሽፍታ ከውስጥ የተነሳ ቫይረስ መሆኑ፣ ከሰው ወደ ሰውም መተላለፉ ነው፤ የጤና አዳምና የሎሚው ቁስል ግን ጭማቂ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ለማንም አይጋባም። የምች መድኃኒት የሆነው ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ፉራኖኩማሪን የሚታወቅበት ወገን አይደለም። ዳማከሴው ከጤና አዳም ወይም ከሎሚ ጋር ተቀላቅሎ ከተቀባ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ በሽተኛው ቤት ውስጥ መዋል አለበት።

አልማዝ ባለጭራም ከዚህ ጋር ይምታታል፤ እሱም በመስመር ይወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። ባለጭራው ግን በአንድ ወገን ብቻ፣ የነርቭን መንገድ ተከትሎ፣ ልብስ የሸፈነውንም ሳይመርጥ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሕመሙ ከሽፍታው ይቀድማል። የጭማቂውን ቁስል የሚለየው እጅጌ የሸፈነውን መተዉ ነው። ሸሚዝ ያበቃበት ቦታ ላይ ቁስሉ ያበቃል።

ፀሐይ የማያስፈልጋቸው ጭማቂዎችም አሉ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት በሌሊትም ቆዳ ይልጣል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ አደጋው ከባድ ስለሆነ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቁስል ላይ የሚታሰረው አዞ ሐረግም ሲቀጠቀጥ በራሱ የሚያቃጥል ነገር ያወጣል፤ ብዙ ሰዓት ታስሮ ከቆየ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር ያቆስላል። እነዚህን ከጥላ ጋር ማያያዝ አይጠቅምም፤ መድኃኒታቸው አለመንካት ነው።

ከብቶችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 በታተመው ትልቁ መጽሐፉ ነጭ በጎችና አሳማዎች በአንዳንድ ዕፀዋት መርዝ የሚጎዱበት መንገድ ከባለቀለሞቹ እንደሚለይ ጠቅሷል። በ1868 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በደቡብ ጣሊያን ታራንቶ አካባቢ ሰዎች ጥቁር በግ ብቻ የሚያረቡት ሃይፐሪከም የተባለ ተክል ስለበዛ መሆኑን ጽፏል። እንስሳው ተክሉን ይበላል፤ በደሙ አድርጎ ቆዳው የሚደርሰው ቀለም ብርሃን ሲያገኝ ነጩን ቆዳ ያቃጥላል። በደንቆሮ ከፍታ ላይ ቢጫ አበባ የሚያብበው አሜጃ የዚሁ የሃይፐሪከም ወገን ነው። ወገን ስለሆነ ብቻ አሜጃን ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም። ወደ ኮምቦልቻ በኩል የተስፋፋው የወፍ ቆሎ ግን በዚህ ይታወቃል፤ የከብቱን ጉበት ይጎዳል፣ የተጎዳ ጉበት ደግሞ ከሣሩ አረንጓዴ ቀለም የሚገኘውን ብርሃን ሳቢ ነገር ከደም ማጽዳት ያቅተዋል። በአንዲት ቡራቡሬ ላም ላይ ነጩ ቦታ ብቻ ተገሽልጦ ጥቁሩ ደህና ሆኖ ሲታይ ላሚቷን ወደ ጥላ መውሰድና የግጦሹን ቦታ መቀየር የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ያው የሚያቃጥል ኬሚስትሪ በልክ ሲያዝ መድኃኒት ሆኗል። ዓባይ መካነ ሰላም ያለችበትን የቦረና ወረዳ ከምሥራቅ ጎጃም ለይቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ በሚደርስባት ግብፅ፣ አሚ ማጁስ የሚባል የድንብላል ዘመድ በወንዙ ዳር ይበቅላል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው የዕፀዋት ሊቅ ኢብን አል በይታር ለምጽ ያለበት ሰው ዘሩን ተጠቅሞ ፀሐይ ላይ እንዲቀመጥ የሚደረግበትን ሕክምና መዝግቧል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የግብፅ ኬሚስቶች ከዚሁ ዘር ንጹሕ ዛንቶቶክሲን አወጡ፤ ካይሮ ውስጥ አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ የተባለው የቆዳ ሐኪም በለምጽ ታማሚዎች ላይ ተጠቀመበት። በ1974 ቦስተን ውስጥ ሐኪሞች ያንኑ ውህድ በመብራት ከሚሰጥ አልትራቫዮሌት «ኤ» ጋር አጣምረው ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ አከሙ፤ ፑቫ የተባለው ሕክምና እንዲህ ተወለደ። ከጤና አዳማችን ውስጥ የሚገኘው ዛንቶቶክሲን ያው ነው። ቢሆንም ለምጽ ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ሐኪሞቹ ውህዱንም ብርሃኑንም ለክተው ነው የሚሰጡት፤ ለምጽ ያረፈበት ቆዳ መከላከያ ቀለሙን ያጣ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚቃጠለው እሱ ነው።

ጤና አዳምን ከጓሮ መንቀል አያስፈልግም። ቡና ላይ የሚደረገው ዝንጣፊ ትንሽ ነው፤ ቆዳንም አይጎዳም። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ተፈልቶ የወፈረውን ውኃ መጠጣት የለባትም፤ ማኅፀንን ያነሳሳል። መቀባት ካስፈለገ ማታ ይቀባ፤ ጠዋት ከመውጣት በፊት በሳሙና ይታጠብ። ቀን የነካው ሰው ወዲያው ይታጠብና ቦታውን በልብስ ሸፍኖ ሁለት ቀን ከፀሐይ ይጠብቀው። ሎሚ የሚጨምቅ ሰውም ውጭ ደጃፍ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይጭመቅ፤ እጁን በውኃ ብቻ አለቅልቆ አይውጣ፤ ዘይት ያለ ሳሙና አይለቅም።

ውኃ ከቋጠረ በኋላ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ ማሳረፍ ይረዳል። ቋጠሮውን ማፈንዳት ለመግል በር መክፈት ነው። ሌላ ቅጠል፣ በተለይ ሎሚ፣ እላዩ ላይ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ወይም ዓይን አጠገብ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም መግል ካለው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል መሄድ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ጉዳይ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ ሆስፒታሉ ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌን፣ ቁንጭርንና ሌሎች የቆዳ በሽታዎችን በማከም የታወቀ ነው። ታካሚው ለባለሙያው መንገር ያለበት ዛሬ ጠዋት የሆነውን ብቻ አይደለም፤ ከትናንት ወዲያ ምን ቅጠል እንደፈተገ፣ ምን እንደጨመቀ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ደጅ እንደዋለ ጭምር ነው። ባለሙያውም ይህን ሳይጠይቅ መድኃኒት አይጻፍ።